ቆጣሪው የመብራት ብቻ ነው፦ አምስት ቀን በዱከምና በቢሾፍቱ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018

የዚህ ጉዞ ጠንሳሽ አክስቴ ናት። ከመንዝ ደውላ «ያ ዱከም የሚሉት አገር ስንት ሰው አለበት?» አለችኝ። ልጇ እዚያ ጫማ ፋብሪካ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። «ሰው በዛበት ይላሉ። እንደው ልጄ ብትጠፋ የምትገኝበት አገር ነው?»

ላጣራ ብዬ ስልኬን ስነካካ ነገሩ ገረመኝ። ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረው በ1999 ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዱከም የሚነገር ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። አክስቴ ደግሞ ግምት አይዋጥላትም። «ሄደህ እየው» አለች። ሄድኩ።

ቃሊቲ መናኸሪያ ስደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ረዳቶቹ «ደብረዘይት በፈጣኑ!» እያሉ ይጮኻሉ። ፈጣኑ የሚሉት በ2007 የተከፈተውን የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ ነው። 85 ኪሎ ሜትር፣ ግራና ቀኙ በአጥር የታጠረ። ከተሞቹን በጎን ያልፋቸዋል እንጂ አይገባባቸውም። እኔ አሮጌውን መንገድ መረጥኩ። ከተማ ሲያድግ ማየት የፈለገ ሰው የጭነት መኪና ጭስ እየጠጣ መሄድ አለበት።

አቃቂን አለፍን። ቱሉ ዲምቱ። ገላን። እውነቱን ለመናገር አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አልለየሁም። ድሮ በመሐል የጤፍ ማሳ ነበር፤ ድንበሩ እሱ ነበር። አሁን ብሎኬት ማምረቻ፣ መጋዘን፣ ብረት ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ደግሞ መጋዘን። ገላን ራሷ ከሸገር ከተማ ጋር ተጠቃልላለች። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ «ዱከም ስንደርስ በምን አውቃለሁ?» አልኩት። «የተሰቀለ ሥጋ በየበሩ ስታይ ደርሰሃል» አለኝ። ልክ ነበር።

ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለአዲስ አበባ ሰው ለብዙ ዘመን ትርጉሟ አንድ ነበር፤ ቁርጥ። ቅዳሜ በመኪና መጥቶ፣ በልቶ፣ አዋዜውን ከጣቱ ሳያጥብ የሚመለስባት ቦታ። ሥጋ ቤቶቹ ዛሬም አሉ፤ ሰኞ ነውና እኔም ግማሽ ኪሎ አስቆርጬ አላሳፈርኳቸውም። ግን ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ ሌላ ከተማ በቅሏል።

እዚያው ቁጭ ብዬ ዓመቶቹን በናፕኪን ላይ ጻፍኳቸው። ቻይናዎቹ የገነቡት ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን የተጀመረው በ2000 ነው። ሁዋጂየን የሚባለው ጫማ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ2004። ፈጣኑ መንገድ በ2007። የጅቡቲው አዲስ ባቡር የተመረቀው በ2009። ሁሉም የመጡት ከቆጠራው በኋላ ነው። ቆጣሪዎቹ ደብተራቸውን አጥፈው እንደሄዱ ወዲያው ሰው መጣ ማለት ነው።

የአክስቴን ልጅ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አገኘኋት። ከስታ ይሆናል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ወፍራለች። «ጋሼ፣ ጭቃውን አራግፈህ ግባ፤ እትዬ ይቆጣሉ» አለችኝ ገና ከሰላምታው።

እትዬ የምትላቸው አከራይዋ ናቸው። ግቢው ፊት ለፊት የእሳቸው ቤት አለ። ከጀርባው በሁለት ረድፍ የተሰለፉ የጭቃና የብሎኬት ክፍሎች። ስንት ክፍል እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። «አሥራ አንድ በር» አሉኝ። ዱከም ላይ ሰው ቤቱን በክፍል አይቆጥርም፤ በበር ነው የሚቆጥረው። አሥራ አንድ በር፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ። አሥራ ሁለተኛው በር በግንባታ ላይ ነው። ማገሩ ተመቷል፤ ጭቃው አልተመረገም።

«በአንድ በር ስንት ሰው ይኖራል?» አልኳቸው።

«አንድ አከራያለሁ፣ ሁለት ይገባሉ፣ ሦስት አገኛለሁ» ብለው ሳቁ።

የሰው ብዛት የሚታወቀው መብራት ሲከፈል ነው። ቢሉ ይመጣል፤ እትዬ በነፍስ ወከፍ ያካፍሉታል። ያኔ ማን ማን ክፍል እንዳለ ይጣራል። እንግዳ ሰንብቶ ከሆነ እሱም ይታሰባል። መንግሥት ቆጣሪ አልላከም አልኩ እንጂ አንድ ልኳል ለካ፤ በረንዳው ላይ የተሰቀለው የመብራት።

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ከሌላ ልጅ ጋር ነው። አንዲቷ ቀን ትሠራለች፣ ሌላኛዋ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ የማታ ፈረቃ ናት። አልጋው አንድ ነው። አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትተኛለች። «አልጋችን አይቀዘቅዝም» አለችኝ እየሳቀች። ለእናቷ ይህንን እንዳልነግራት አስማለችኝ። ይኸው አልነገርኳትም፤ ጻፍኩት እንጂ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የቀሰቀሰኝ ዶሮ አይደለም፤ እግር ነው። ብዙ እግር። አስፋልቱ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ከየቅያሱ ሰው ይወጣል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ከሃያዎቹ መጀመሪያ አይዘሉም። ጋቢ የደረበች፣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ የሳበች፣ ምሳዋን በፌስታል የቋጠረች። ሰርቪስ አውቶቡሶች ይመጣሉ፣ ይሞላሉ፣ ይሄዳሉ። ያልደረሰበት በባጃጅ ይሮጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ መንገዱ ጭር አለ። ቆጠራ ሰዎች ቢመጡ እዚህ ቅያስ አፍ ላይ አንድ ወንበር ይበቃቸው ነበር።

ከፋብሪካዎቹ በር ላይ ደግሞ ሌላ ሰልፍ አለ፤ የሚገባ ሳይሆን ለመግባት የሚጠብቅ። አብዛኛው በፕላስቲክ ማኅደር ወረቀት ይዟል። የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የዋስ ደብዳቤ። ከአርሲ የመጣ ልጅ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። 12ኛ ጨርሷል። «ማትሪክ አልመጣልኝም» አለኝ፣ እንደ ስሙ በቀላሉ። እንዲህ የሚለው ብዙ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። የቀረው ልጅ የት ሄደ ለሚል ሰው፣ አንዱ መልስ በዚህ በር ላይ ነው።

የሥራ ማስታወቂያው አጥሩ ላይ ተለጥፏል። ዝናብ መትቶት ጥጉ ተልጧል፤ ብዙ ጊዜ ቆይቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ስመለከተው «ይሄ ነው ዕድገት!» ብዬ ነበር። የአክስቴ ልጅ ማታ አረመችኝ። «ጋሼ፣ እሱ ሁሌም አለ። የወጣውን ለመተካት ነው እንጂ ሰው ጨምረው አይደለም።» እሷ ከገባች ወዲህ አብረዋት ከጀመሩት አንድ መስመር ሙሉ ሰዎች ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው። አንዷ አረብ አገር ሄደች። አንዷ አግብታ ወጣች። ብዙዎቹ አጥር ተሻግረው ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደሚከፍል ሌላ ፋብሪካ ሄዱ። በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያና አዲስ የተከፈተ ሥራ አንድ አይደሉም። ይህንን በየሪፖርቱ «ለይህን ያህል ዜጎች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚሉ ሰዎች ቢለዩት ደስ ይለኛል። አንድ ወንበር ላይ በዓመት ሦስት ሰው ከተቀያየረ፣ ወንበሩ ያው አንድ ነው።

የደመወዝ ወረቀቷን አሳየችኝ። ቤዚክ፣ ኦቨርታይም፣ ሳትቀር ለመጣችበት የሚታሰብ ማበረታቻ። ከሥር ተቀናሾቹ። ለጡረታ ከእሷ 7 በመቶ፣ አሠሪዋ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። የሥራ ግብሩ ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ቀሎላታል። ከግብር ነፃ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ስላለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ደግሞ 1.75 እጥፍ ይከፈላል። ግን እጥፍ የምንለው የምኑ እጥፍ ነው? የግል ፋብሪካ ቢያንስ ይህን ያህል ይክፈል የሚል የደመወዝ ወለል የለም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ሊቋቋም እንደሚችል ይናገራል። ወለሉ ግን ገና አልተነጠፈም።

የሁዋጂየንን ታሪክ በዱከም ያልሰማ የለም፤ እንደ ተረት ነው የሚወራው። ነሐሴ 2003 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሼንዘን ሄደው ከኩባንያው ባለቤት ጋር ተገናኙ። ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያ መጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ማሽኖቹ ተተከሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞችም ለሥልጠና ቻይና ተላኩ። ጫማው የሚሄደው አሜሪካ ነበር። ከዚያ አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የንግድ ዕድል ሰረዘች። ከቀረጥ ነፃ መግባት ቀረ። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመች ወረቀት ዱከም ያለች የጭቃ ክፍል ውስጥ ትገባለች፤ ርቀቱ እንዲህ አጭር ነው።

ከሰዓት በኋላ ከግቢው ፊት ለፊት እንጀራ የሚሸጡ ሴትዮ ጋ ተቀመጥኩ። ነገሩ የገባኝ እዚያ ነው። እትዬ ግቢያቸው ውስጥ ምጣድ እንዳይሰካ ከልክለዋል። ምጣድ ከተሰካ ቢሉ ይንራል፣ ፊውዙም ይቃጠላል። ሌሎቹ አከራዮችም እንደዚያው። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ያሉ ልጆች ሁሉ እንጀራ ይገዛሉ። ሴትዮዋ ድሮ የሚጋግሩት ለቤታቸው ነበር። አሁን ሁለት ሠራተኛ ቀጥረዋል፤ አንዷ ታቦካለች፣ አንዷ ትጋግራለች። ጤፉን ወፍጮ ቤት የሚያደርሰው ልጅ በጋሪው ነው የሚተዳደረው። ከጎናቸው ሽሮ በኩባያ የምትሸጥ አለች። ከእሷ ቀጥሎ ቦንዳ ልብስ። ከዚያ የልጅ ማቆያ፣ ማለትም አንዲት እናት ሳሎኗ ውስጥ የሌሎችን ሕፃናት ይዛ ትውላለች። አንድ «ምጣድ አይሰካም» የሚል ትዕዛዝ ስንት ሰው ቀጠረ!

እነዚህ ሰዎች የትኛውም ማስታወቂያ ላይ የሉም። ዋስ አልጠሩም፣ ደመወዝ ወረቀት የላቸውም። ፋብሪካው አንድ ቢቀጥር፣ እንጀራው፣ ባጃጁ፣ ኪራዩና ሽሮው ሌላ ሰው ይቀጥራል። ብሩን ግን የሚያወጣው ያው የልጅቷ ደመወዝ ነው። በወሩ መጀመሪያ ይገባል፣ በሳምንቱ ለሰፈሩ ይከፋፈላል። እሷ እጅ የሚቀረው የዕቁቧ ነው። ዕቁቧ ባይኖር ምንም አይቀራትም ነበር፤ ይህንን ራሷ ናት ያለችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሞጆ ደርሼ ተመለስኩ። ብዙ የምለው የለኝም። ደረቅ ወደቡ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ የተደረደረበት ሜዳ ነው። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ እዚህ ቀረጡን ጨርሶ ይበተናል። ከበሩ ውስጥ የሚሠራው ሰው እምብዛም ነው። ከበሩ ውጪ ግን ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ሻይ ቤት፣ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ፣ አልጋ ቤት። የቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ ነፋሱ ሲዞር ይመጣና ምሳ ያስጥላል። ጾም ስለነበር ሽሮዬን ከነሽታው መብላቴ አልቀረም።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር «ሞጆ የሚኖር ሰው የለም፣ የሚጠብቅ ሰው ነው ያለው» አለኝ። ሦስተኛ ቀኑ ነው ወረፋ ሲጠብቅ።

ማታ ቢሾፍቱ ገባሁ። ያደርኩበት ፔንሲዮን ስሙን አልጠራም። ሐይቅ ይታይበታል ብለው አልጋውን ወደድ አድርገው ሰጡኝ። ሐይቁ እውነትም ይታያል። ቧንቧው ግን ጠብ አይልም። በባልዲ አመጡልኝ። ሐይቅ በሐይቅ የሆነች ከተማ ውስጥ በባልዲ መታጠብ የሚያናድድም የሚያስቅም ነገር ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት በጋሪ ከተማውን ዞርኩ። ባጃጅ ሞልቷል፣ ጋሪው ግን አልሞተም። ባለጋሪው ሽማግሌ ናቸው፤ «ደብረዘይት» እንጂ «ቢሾፍቱ» አይሉም። ወረቀቱ ላይ ቢሾፍቱ ነው፤ አፍ ላይ ሁለቱም አሉ።

ይህች ከተማ ከዱከም ለየት የሚያደርጋት፣ ሥራ የመጣላት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ መሆኑ ነው። መጀመሪያ አሮጌው ባቡር በዚህ አለፈ። ከዚያ አየር ኃይል መጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ስዊድኖቹ፣ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባለው ኮማንደር ጭምር፣ አብራሪ ያሠለጠኑት እዚህ ነው። ባለጋሪው ይህንን የሚያስታውሱት በሌላ መንገድ ነው፦ «አየር ኃይል ደመወዝ ሲከፍል ከተማው ሁሉ ይሰክር ነበር።» አንድ ቀጣሪ፣ አንድ የደመወዝ ቀን። ከዚያ የእንስሳት ክትባት ማምረቻው መጣ፣ የእርሻ ምርምሩ፣ ዶሮ እርባታው። የአዲስ አበባን አውቶቡሶች የገጣጠመው ፋብሪካም እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው አውቶቡሱን ራሱን «ቢሾፍቱ» እያለ ይጠራዋል።

ምርምር ማዕከሉን በአጥሩ ላይ ብቻ አየሁት። ጤፉ ደርሷል፤ አንዳንዱ ታጭዶ ተከምሯል። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በ1998 የወጣው ከዚህ ነው። ነጭ ነው፣ ምርቱም ጥሩ ነው፣ አርሶ አደሩ በፍቅር ተቀበለው። የሚገርመው ነገር፣ ከተማው እየሰፋ የሚሄደው ያው ጤፉ ላይ ነው።

አሁን ቁጥሩ ላይ እንምጣ። በ1987ቱ ቆጠራ ደብረዘይት ውስጥ 73,372 ሰው ነበር። በ1999ኙ 99,928 ሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመት ወደ 26 ሺህ ተኩል ጨመረ። መቶ ሺህ ለመሙላት 72 ሰው ነው የጎደለው! ከዚያ ወዲህ ያለው 18 ዓመት ባዶ ነው። በዓይኔ ያየሁት ግን ይህ ነው፦ ጨለለቃ የሚባለው፣ በልጅነቴ ወፎቹን ለማየት የመጣሁበት ሐይቅ፣ አሁን ዳርዳሩን ቤት ከቦታል፤ ውኃውም ሸሽቷል። ሆራና ባቦጋያ ዙሪያ የሐይቅ ዳርቻ ፍለጋ አጥር ዘልቆ መሄድ ግድ ሆኗል። ቅዳሜና እሁድ የአዲስ አበባ ሰው ለመዝናናት ሲጎርፍ፣ ሰኞ ጠዋት የቢሾፍቱ አስተናጋጅ ያርፋል። ለብዙዎቹ ሪዞርቶች ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። እሱም ሥራ ነው።

ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ደላላ ያዘኝ። ገና ጫማዬን አይቶ «ከአዲስ አበባ ነህ» አለኝ። መሬት ልግዛ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉም ወሬው አንድ ነው፤ ኤርፖርቱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አቡሴራ አካባቢ፣ ከቦሌ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው። የዲዛይን ውሉ ነሐሴ 2016 ላይ ተፈርሟል። ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ቦሌ በ2011 ተስፋፍቶ እንኳ ለ22 ሚሊዮን ነው የተባለው።

«እስቲ አስበው» አለኝ ደላላው። «ያን ሁሉ ሰው የሚያስተናግደው ሠራተኛ የት ይተኛል?»

የትም አልገዛሁም፤ የሚገዛበትም ብር የለኝ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደላላ ስለሆነ ብቻ አናጣጥለው። ከየትኛውም ዜና ላይ ስንት አውሮፕላን እንደሚያርፍ አንብቤያለሁ፤ ሻንጣ የሚጭነው ልጅ የት እንደሚከራይ ያነሳልኝ ይህ ሰው ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ወደ ዱከም ተመለስኩ። ከሩቅ ሲታይ ከተማው በጭስ ተሸፍኗል፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 የኅዳር በሽታ ያን ሁሉ ሰው ከፈጀ ወዲህ ሰው በዚህ ቀን ቆሻሻውን ጠራርጎ ያቃጥላል ይባላል። በየደጁ ክምር አለ። እኔ ክምሮቹን ማየት ወደድኩ። ቆሻሻ አይዋሽም። የተቀደደ የጫማ ሶል፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ የፌስታል ክምር፣ የፓስታ ካርቶን። እትዬ ደጅ የነበረው ክምር እስከ ወገቤ ደርሷል። «አሥራ አንድ በር ነዋ!» አሉኝ በኩራት።

አሥራ ሁለተኛው በር ተመርጓል። ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሷል። በአምስት ቀን! ጭቃው ገና ርጥብ ነው፤ ግን የሆነ መስመር ከጥጉ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሰያፍ ሲወርድ አየሁ።

ይህንን መስመር ያስረዱኝ ከመንደሩ ጫፍ አንድ መጋዘን የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ «አካም ቡልተኒ፣ አባባ» ስላቸው ደስ ብሏቸው በአማርኛ መለሱልኝ። መጋዘኑ የቆመበት መሬት የእሳቸው ነበር። ጤፍና ሽምብራ ያመርቱበት ነበር። መሬታቸው የተወሰደው በቀድሞው ሕግ ጊዜ ነው፤ ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ተይዞ በአሥር ተባዛ። በ2011 የወጣው ሕግ ከሦስት ዓመቱ የበለጠውን ወስዶ በ15 ያባዛል። «እኔ ቸኮልኩ» አሉ፣ እሳቸው የቸኮሉ ይመስል።

ብሩ የት ገባ? ግማሹ ለቤት መሥሪያ፣ ግማሹ ለልጅ ሠርግና ለአንድ ሚኒባስ። ሚኒባሱ ተጋጨ። ቤቱ ግን ቀረ፤ አሁን ስድስት በር ያከራያሉ። እንደ ዘበኛ የሚከፈላቸውና ከኪራይ የሚያገኙት ሲነጻጸር ኪራዩ ይበልጣል። ታዲያ ለምን ይጠብቃሉ?

«ማታ ማታ መሬቴን ማየት ለምጃለሁ» አሉኝ። ቀጥሎ ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ጠቆሙኝ። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ እጅ ያስገባል። «ለመሐንዲሶቹ ነግሬ ነበር። ይሄ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጤፍ ይወደዋል፤ ብሎኬት አይወደውም። እዚያ ጋ ደግሞ ውኃ ይተኛል፣ እዚያ ጋ አትሥሩ አልኳቸው። ልጅ ነበሩ። ሳቁብኝ።» እሳቸው አሁን አልሳቁም። የስንጥቁን ስፋት በጥፍራቸው ለክተው በከሰል ምልክት አድርገውበታል፤ በየወሩ አንድ ምልክት። ምልክቶቹን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አምስት ቀን ሙሉ ስፈልግ ያገኘሁት የተሟላ መዝገብ ይህ ነው።

ወደ ማታ የአክስቴ ልጅ ከሥራ ስትመለስ እናቷ ጋ ደወልን። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር። የአክስቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሆነ?» አልነበረም። «ግቢው ማታ ይዘጋል?» አለች። ይዘጋል አልኳት። «ውኃ አለ?» በወረፋ አለ። «እንጀራዋንስ ማን ይጋግርላታል?» እዚህ ላይ ምጣድ መሰካት እንደማይቻል ነገርኳት። ረጅም ዝምታ ሆነ።

«ምጣድ አይሰካም የምትል ሴት ደግሞ ምን ዓይነት ናት!» አለች በመጨረሻ። «ድርቆሽ እልክላታለሁ።»

«በማን ትልኪዋለሽ?» አልኳት።

«ታናሽየው ይዞት ይምጣ። ማትሪኩ እንደሆነ አልመጣለትም። ሥራ አለ ብለኸኝ አልነበር?»

ወደ እትዬ ዞሬ አየሁ። አዲሱ በር ላይ የቁልፍ ጓጉንቸር እየሞከሩ ነው። አልጋ የለም፣ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው አልኩ።

«ጀንዲውን ይዞ ይመጣል» አለች አክስቴ።